የተፋቀው ስም

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና ከአልጋው አልተነሣም፤ ነርሷ ግን እጇ ካቴና ገብቷል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ሳይመረምሩ ማሰር ሁሌም ደሟን ያፈላዋል። ለቀላል ቀዶ ሕክምና የገቡት ጡረተኛ መምህር ማደንዘዣ በዝቶባቸው ነው የሞቱት። መድኃኒቱን በበሽተኛው ክብደት ልክ አስልቶ የሚያንጠባጥበው ማሽን አሥር እጥፍ ለቆባቸዋል።

«ክብደታቸውን ስንት ብለሽ አስገባሽ?»

«ስልሳ አንድ ነጥብ አምስት። እውነቴን ነው፣ እትዬ።»

ማሽኑም ከእጇ የተቀበለው ብሎ የመዘገበው ይህንኑ ነው። ስክሪኑ ላይ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ስም በፕሮግራሙ ሠሪነት ደምቆ ተጽፏል፤ ከታች በደቃቅ ፊደል «አዲስ የፕሮግራም እትም መቀበል፦ ተዘግቷል» ይላል።

«ፕሮግራሙን ከባዶ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ኃላፊው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «እንከን የለውም። የሷ ስህተት ነው።»

መርማሪዋ ማሽኖቹን በሙሉ አስነቀለችና ስልክ መደወል ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ነርሷን፣ ኃላፊውንና የሟቹን ልጅ ሰበሰበቻቸው።

«ሥራው ያንተ ከሆነ፣ የዘጋኸው አዲስ እትም ከማን ነው የሚመጣው?»

መርማሪዋ መልሱን ሳትጠብቅ የስልኳን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፕሮግራሙን ጽፋ ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ የለቀቀችው፣ ዓመታት ሙሉ ያለ ደመወዝ የምትጠግነው ሴት መስመሩ ላይ ነበረች።

«ነጥብ ያለው ቁጥር ሲገባ በትክክል ይመዘግበዋል፤ ሲያሰላ ግን ነጥቡን ይውጠው ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ስልሳ አንድ ነጥብ አምስት፣ ስድስት መቶ አሥራ አምስት ይሆናል። ከሦስት ወር በፊት አስተካክዬ ለሁሉም አስታወቅኩ። ከእናንተ ሆስፒታል አንድ ሰው፣ ‹ስክሪኑን ለውጬዋለሁ፣ ባድሰው ይጠፋብኛል?› ብሎ ጻፈልኝ። ‹ለውጡን ላክልኝ፣ አብሬ አስገባልሃለሁ፤ ብቻ ዛሬውኑ አድስ፣ ሰው ይሞታል› አልኩት። መልስ የለም።»

«ከማን ኢሜይል እንደተላከ አይቻለሁ» አለች መርማሪዋ ወደ ኃላፊው ዞራ። «ለውጡን ብትልክላት፣ የሷን ስም ፍቀህ የራስህን መጻፍህን ታውቅብህ ነበር። ብታድሰው ስሟ ይመለሳል፤ የተሾምክበት ውሸት ይገለጣል። ስለዚህ ዘጋኸው። እያወቅክ! ከዚያም ይህችን ነርስ አሳሰርክ።»

«ነጻ ነገር እኮ ነው» አለ ኃላፊው ላብ እያጠመቀው። «ማንም ቢወስደው...»

«መውሰዱን ማን ከለከለህ! ለማደስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አራት ደቂቃ» አለች ሴትዮዋ በስልክ።

ፖሊሱ የነርሷን ካቴና ፈታ። ጠዋት «ገዳይ!» እያለች ስትጮህባት የነበረችው የሟች ልጅ ተነሥታ ኃላፊው ፊት ቆመች።

«የአባቴ ሕይወት ከአራት ደቂቃ አነሰችብህ?»