የዳርሜል ቃል ጠባቂ

የዳርሜል ሐይቅ ወሰኑን ጥሶ የታችኛውን መንደር የዋጠው እመት ሶርያል ቃሉ በጠፋባቸው ዕለት ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በየወሩ መባቻ ውኃውን የሚያስረውን ባለ ሰባ ስንኝ ግዝት በቃላቸው ሲያወርዱት ኖረዋል፤ ግዝቱም ከእርሳቸው አንደበት በቀር ለማንም አይታዘዝም። ያን ዕለት ግን ሠላሳኛው ስንኝ ላይ ቆሙ።

«አርጅተዋል፤ አበቃልን» አሉ የዘርማድ አገር መኳንንት።

የንጉሡ መድኃኒት ዐዋቂ ጌላን ራሱን ነቀነቀ። «እርጅና ቃልን ያዘገያል እንጂ እንዲህ አይውጥም። ወንድ ልጃቸው ጸልሞት በሚባለው ገደል ከዘንዶ ጋር ሲዋጋ ከወደቀ ወዲህ ሦስት ዓመት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም፤ እህልም በወጉ አይቀምሱም። ልባቸው ያልተቀበረ ሬሳ እየጠበቀ አእምሯቸው በምን ይሥራ?»

ሴት ልጃቸው ኬልያ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። እናቷ አንዱን ነገር ደጋግመው በጠየቋት ቁጥር ስትቆጣቸው ከርማለች።

«የወንድሜን አጽም ሳልይዝ ብመለስ የዘርማድ ምድር አትቀበለኝ» ብላ ማለች።

መርዳን የተባለ ወታደር ከኋላ ተነሣ። «ጥዬው የሸሸሁት እኔ ነኝ። መንገዱን እኔ እመራሻለሁ።»

ዘጠኝ ቀን ተጉዘው ገደሉ ደረሱ። አጽሙ ጉርዛም የተባለው ዘንዶ ከተጠመጠመበት ቋጥኝ ሥር ነበር። መርዳን ጋሻውን በሰይፉ እየደበደበ ዘንዶውን ወደ ማዶ ሳበው።

«ዛሬ አልሸሽም። አንቺ ግን ወደ ኋላ አትዪ» አላት።

ኬልያ አጽሙን በኩታዋ ጠቅልላ ሮጠች። አፋፉ ላይ ስትደርስ የጋሻው ድምፅ ተቋረጠ።

እመት ሶርያል ልጃቸውን ሲቀብሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ሁለት ቀን ተኙ፤ ነቅተውም ምግብ ጠየቁ። በወሩ መባቻ ግዝቱን አወረዱት። ሦስት ጊዜ ቃል ጠፋቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳይደነግጡ ጠበቁት፤ መጣላቸው። ውኃው ወደ ወሰኑ ተመለሰ፤ መንደሩ ግን ጭቃ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሕዝቡ ሲጨፍር ኬልያ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። እናቷ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ከተኛሽ ስንት ቀን ሆነሽ?»

«እንጃ፣ እማ። ቀኑም ጠፍቶብኛል።»

እጇን ያዟት። «እኔ እንባዬን ውጬ ሦስት ዓመት ከሰውነት ወጣሁ። ተነሺ። መርዳን እናት አለችው፤ የሚቀበር እንኳ የላትም። ሄደን አብረናት እናልቅስ።»

ኬልያ ተነሣች። የመርዳን እናት ደጅ ስትደርስ እዚያው ደፉ ላይ ወድቃ እንደ ሕፃን አለቀሰች።