ሙሉ የተገኘው ሳጥን

የጉምሩክ ፈታሹ መጋዘኑ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ፣ ማጅራቱ ተሰብሮ ተገኘ። ሃምሳ አለቃው ነገሩን ገርመም አድርጎ አየና ሽማግሌውን ዘበኛ በካቴና አሰረ፤ ጠዋት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቁ ታይተዋላ! ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። አህያውን ፈርተው ዳውላውን!

«አባባ፣ በምን ተጣላችሁ?»

«በሩን ክፍት አይተዉ ብሎኝ ነው። ልጄ፣ በዚህ ሰው ይገደላል?»

መርፌ ከሬሳው አጠገብ የተደረደሩትን ሳጥኖች ከፈተች። በእያንዳንዱ ውስጥ መሰርሰሪያ፣ ጉጠት፣ መፍቻና መዶሻ በየጎድጓዳቸው ተኝተዋል፤ ሁሉም የፋብሪካ ዘይት እንደተቀቡ ናቸው። አንዷ መዶሻ ብቻ ደረቅ ናት። መርፌ ሳጥኑን መልሳ ዘጋች።

«ሟቹ በዕቃዎ ላይ ምን ነበረው?» ብላ የሳጥኖቹን ባለቤት፣ አስመጪዋን ጠየቀች።

«ስብስብ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ እንጂ! አንድ ላይ ታሽጎ የመጣ ስብስብ በዋናው ዕቃ፣ በመሰርሰሪያው ነው የሚቀረጠው፤ ያ ደግሞ ይቀላል። እሱ ግን ‹በየፊናው መጥቶ ሳጥን የገባው እዚህ ነው፤ ለየብቻ ይቀረጥ› አለ።»

«አንተስ እዚህ ገብተህ ነበር?» አለችው ዕቃውን በጉምሩክ የሚያሳልፈውን ትራንዚተር።

«እኔ የወረቀት ሰው ነኝ፤ እግሬም አልረገጠው።»

ሰዎቹን ሁሉ በሳጥኖቹ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። «ከአንዱ ሳጥን ዕቃ ጎድሏል» አለች፤ ውሸቷን ነበር።

«ቢጎድል ከገበያ ገዝቼ እሞላዋለሁ» አለች አስመጪዋ።

ትራንዚተሩ ፊቱ አመድ መሰለ። «የምን መጉደል! አንድ ዕቃ የጎደለው ስብስብ፣ ስብስብ ተብሎ አያልፍም! መዶሻዋም ቦታዋ ላይ ናት!»

«መዶሻ ማን አነሳ?» አለች መርፌ። «እግርህ ካልረገጠው ቦታዋ ላይ መሆኗን በምን አወቅህ? ገዳዩ መዶሻዋን ወልውሎ መለሳት። አባባ ቢሆኑ ከአጥር ውጭ ይወረውሯት ነበር። እመቤቲቱ ሌላ ይገዙ ነበር። ነገ ሌላ ፈታሽ ይመጣል፣ ሳጥኑም ሙሉ ሆኖ ይጠብቀው ብሎ የሚጨነቅ አንተ ብቻ ነህ። በቀረጥ ማስታወቂያው፣ በዲክላራሲዮኑ ላይ ‹አንድ ላይ ታሽጎ መጣ› ብለህ ሐሰት ሞልተህ ሟቹ ደረሰብህ፤ ፈቃድህ ሊነጠቅ ሆነ። ሰው ገድለህ ያሳሰበህ የመዶሻ ቦታ ነው?»

ትራንዚተሩ አንገቱን ደፋ። መርፌ የሽማግሌውን ካቴና ፈታች፤ ሃምሳ አለቃው ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

አስመጪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሺ፣ ታዲያ ዕቃዬ መቼ ይወጣልኛል?»

«መጀመሪያ የሞተው ሰው ይውጣ!» ብላ መርፌ ጮኸችባት።