ከፍ ያለው የካውያ ጠረጴዛ

ልብስ ሰፊዋ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ የስፌት ክፍላቸው፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው የጠረጴዛውን ጥግ መትቷል፤ እግራቸው ላይ የካውያ ገመድ ተጠምጥሟል። «ገመድ ጠልፏቸው ነው» ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ አምኖ ያለቅስ ነበር። ያላመነችው ታናሽ እህታቸው ናት። እሷም አላመንኩም ብላ ብቻ አልቀረችም፤ ጣቷን ምራቲቱ ላይ ቀሰረች።

መርማሪው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። የሥራ ባልደረቦቹ «ሜትሮ» ይሉታል፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነ ከኪሱ የልብስ መለኪያ አይጠፋም። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ተናጋሪው እስኪሰለች ድረስ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ምራቲቱ የሦስት ወር ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሳሎኑ ጥግ ቆማለች። ተቀመጪ ቢሏትም አልሰማችም።

«ያገኘሻቸው አንቺ ነሽ?» አላት።

«አዎ። ዛሬ ጠዋት ልጄን አዝዬ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ እማዬ ወለሉ ላይ ናቸው።»

«ገበያ ውስጥ ያየሽ ሰው አለ?»

«ሰው በሰው ነው፤ ማን ማንን ያያል?» ወደ መርማሪው ቀና አለች። «ጌታዬ፣ ይወስዱኛል? ይሄ ልጅ ከጡት ሌላ አያውቅም። እኔ ከሄድኩ በምን ያድራል?»

«ይህን አስቀድሞ ነበር ማሰብ» አለች እህትየዋ። «የስፌት መኪናው ልጄን አላስተኛ አለ ብላ ስትጨቃጨቃት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ክፍሉን ለልጇ መኝታ ፈልጋው ነው። እሳትና ጭድ ነበሩ፣ ጌታው።»

«በሩ አልተሰበረም» አለ መርማሪው። «ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔ፣ እሷና የእህቴ ልጅ፣ ባሏ» አለች እህትየዋ። «እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከወጣ ወር አልፎታል፤ ዛሬ ይደርሳል።»

ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው። ምራቲቱ ይህን ስትሰማ ልጁን አጥብቃ ያዘችው። ባሏ ሩቅ ነው፤ አክስቱ ከሳሽ ናት፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ መርማሪው ወደ ስፌት ክፍሉ ገባ። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው። መቁረጫው ጠረጴዛ በስተቀኝ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ ይገኛል። በሁለቱ መሀል የካውያው ጠረጴዛ መንገድ ዘግቶ ቆሟል፤ ቁመቱን ሲለካው ወገቡ ላይ ደረሰ። መኪናው ፊት ባለጎማ የቢሮ ወንበር አለ። ተቀምጦ ወለሉን በእግሩ ገፋ አደረገና ወደ መቁረጫው ሊንሸራተት ሲል ከካውያው ጠረጴዛ ጋር ተላተመ። ደግሞ የካውያውን ገመድ ወደ ሶኬቱ ሳበው። አንድ ክንድ ጎደለው። ከመኪናው በስተግራ ግን ወለሉን የሸፈነው ፕላስቲክ ላይ አራት የጠረጴዛ እግር ስርጉዶች አየ።

ሁለቱን ሴቶች በሩ ጋ ጠራቸው።

«የዚህ ጠረጴዛ ቦታው የት ነው?»

«ከመኪናው ጎን፣ ዝቅ ብሎ ነበር» አለች ምራቲቱ ግራ ተጋብታ። «ባሌ ከወጣ በኋላ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ቆመው አይተኩሱም። ከወንበሩ ሳይነሱ ይሰፋሉ፣ ዞር ብለው ይተኩሳሉ፣ ተንሸራተው ይቆርጣሉ። ልኩን ያበጀሁላቸው እኔ ነኝ።»

«ወንበሩንስ?»

«እኔ ነኝ ያመጣሁላት» አለች እህትየዋ። «ሃያ ቀን ሆነው።»

«ልጃቸው ይህን ሁሉ ያውቃል?»

«ማን ይነግረዋል? መንገድ ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። መሪ ይዞ ሐሳብ ገብቶት ቢገለበጥስ?» አለች እህትየዋ።

መርማሪው ክፍሉን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሾፌሩ ሰባት ሰዓት ላይ እያለቀሰ ደረሰ። ምራቲቱ ልቧ መለስ አለላት፤ ዓለም ቢክዳት እሱ ያውቃታል። መርማሪው ግን ማንም ሳያነጋግረው ደጅ ላይ ያዘው። እሷ ከበሩ ጀርባ ቆማ አዳመጠች።

«ማን ነገረህ?»

«ጎረቤት ደወለልኝ። ወድቀው ሞቱ አለኝ፤ ከዚያ ሌላ የሰማሁት የለም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ስነዳ ነበር።»

«እናትህ ሲተኩሱ እንዴት ነበር?»

«ቆማ ነዋ። ተቀምጦ የሚተኩስ አለ እንዴ?» ዓይኑን ጠረገ። «ከባለጎማው ወንበር ብድግ ብላ ወደ ካውያው ስትሄድ ገመዱ ጠልፏት ይሆናል።»

«ይሆናል። አክስትህ ግን ሚስትህን ትጠረጥራለች።»

ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። «እኔ ምን አውቃለሁ? አልነበርኩም። ሴቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም ነበር።»

ከበሩ ጀርባ ምራቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

መርማሪው ሦስቱንም ስፌት ክፍሉ በር ላይ ሰበሰባቸው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን እዚህ ማደር አልፈልግም» አለ። «ገመዱ ከዚህ ሶኬቱ ጋ አይደርስም። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ የተኮሰ ሰው የለም፤ ጠረጴዛውን ሰው እዚህ ያመጣው ሟቿ የተደናቀፉ ለማስመሰል ነው። ሲያመጣውም ከፍ አደረገው። ለምን? ጠረጴዛውን ዝቅ ብሎ ሲያገኘው ሥራ ላይ ያልዋለ መሰለው፤ ሟቿ ቆመው እንደሚተኩሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ምራቲቱ ራሷ የለካችውን አትስትም። እህትየዋም ወንበሩን ያመጣችው ሟቿ ሥራቸውን ተቀምጠው እንዲሠሩ ነው። ይህን ስህተት የሚሠራው ስለ ጉልበታቸው ያልተነገረው ነው።»

እህትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አልነበርኩም አልኩ እኮ» አለ ሾፌሩ።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ወንድሜ። ባለጎማው ወንበር እዚህ ቤት የገባው አንተ መንገድ ላይ ሳለህ ነው። ክፍሉን እኔ ቆልፌዋለሁ። ስለ ወንበሩ የነገረው ከእናንተ አለ?»

ሁለቱም ሴቶች «የለም» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሾፌሩ ሲናገር ወደ ማንም አላየም።

«መንገድ ላይ ሌላ ትዳር አለኝ። ሴትዮዋ ለእማዬ ደወለችላት። እማዬም ዛሬ ለሚስትህ እነግራታለሁ አለችኝ። ጠዋት መጥቼ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ልትነሳ ስትል ገፋኋት።» እጆቹን አየ። «በኃይል አልነበረም። ትቆማለች ብዬ ነው። እሷ መቼ ወድቃ ታውቃለች? ጉልበቷን ማን ነገረኝ?»

እህትየዋ ጮኻ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ከመርማሪው ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። ምራቲቱ ግን አላለቀሰችም። ወደ ባሏ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እጄን አስረው ሲወስዱኝ፣ ልጁ እያለቀሰ ሲቀር፣ ቆመህ ታየኝ ነበር?»

ባሏ ካቴናው ሳይገባለት ሁለት እጁን ወደ ሕፃኑ ዘረጋ።

«አንዴ ልሳመው» አለ።

ቀኑን ሙሉ ፖሊስ ስትፈራ የዋለችው ሴት የልጇን ፊት ደረቷ ውስጥ ሸሸገችና ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች ከመርማሪው ጀርባ ገባች።