በጸበል የተበጠበጠ ቀለም

ተማሪዎቼ የመናፍስት ወሬ ሲያመጡልኝ «ማስረጃው የታል?» የምል ሰው ነኝ፣ ዛሬም ያንኑ ነው የምለው፣ ይህን አንድ ምሽት ግን ለራሴ እንኳ ማስረዳት አቅቶኛል፣ ማስረዳት ደግሞ እመኑኝ እንጀራዬ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ከታላቅ እህቴ ጋር እኖር ነበር፣ እታለም ነው የምላት። የደም ሕመም ነበረባት፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ብለው ወደ ቤት መልሰዋታል፣ የቀራት ተስፋ ከአገር ቤት በሰው እጅ የመጣላት ጸበል ብቻ ነበር፣ በየማለዳው አማትቤ አንድ ጉንጭ አጠጣታለሁ፣ ሳያልቅ እድናለሁ ትላለች።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት የሚያስተምሩትን የቀለም ሥዕል እማራለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቀለሙ ከጥቀርሻና ከሙጫ የተሠራ፣ ጣት የሚያህል ደረቅ ነገር ነው፣ በጥቂት ውሃ ድንጋይ ላይ ቀስ ተብሎ ይታሻል። የሚሣለውም እንደ ወቅቱ ነው፣ ለሙቀቱ ወራት ቀርከሃ፣ ለበረዶው ወራት ቅጠሉ የረገፈ የፕሪም ዛፍ ከነአበባው፣ ብሩሹ አንዴ ካረፈ ማረም የለም። የቧንቧ ውሃ ቀለሙን ያበላሻልና የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ ብለውናል። እታለም ግን ትስቅብኝ ነበር፣ አባባ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማረህ ጥቀርሻ እንድታሽ ነው ወይ ትለኛለች።

ያን ዕለት በረዶ ይጥላል፣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨልሟል፣ እሷ በሯን ዘግታ ተኝታለች። የታሸገው ውሃ መስሎኝ ከፍሪጅ ጠርሙስ አወጣሁ፣ ከሥሩ የቀረችውን ውሃ ድንጋዩ ላይ ገለበጥኩ፣ አንድ ቅርንጫፍና አምስት አበባ ሣልኩ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ልጥል ሳነሣው አንገቱ ላይ የታሰረችውን ነጭ ክር አየሁ። እታለም ጸበሏን የምትለየው በዚያች ክር ነበር።

እንደ ቆምኩ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ውሃ በጉሮሮ ሲወርድ ዓይነት፣ አንዴ፣ ከዚያ ዝም። የማሞቂያው ቱቦ ነው አልኩ። ወረቀቱን ሳየው ከአምስቱ አበባ አንዱ የለም። እንደገና ያው የጉሮሮ ድምፅ መጣ፣ ሁለተኛው ጠፋ። ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኩ፣ በአምስተኛው አበባዎቹ አለቁ፣ በስድስተኛው ቅርንጫፉም ሄደ፣ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ብዳስሰው ደረቅ ነው፣ ከሥሩ ያነጠፍኩት ጋዜጣም ንጹሕ ነው።

ያኔ እታለም ጠራችኝ። በሩን ስከፍት ከንፈሯ ጥቁር ነበር።

«ዛሬ ምነው ሳታማትብ አጠጣኸኝ?» አለችኝ።

«እኔ?»

«አሁን ነዋ። እጅህስ ምነው እንዲህ በረዶ ሆነ?»

ብሩሽ ሳጥብ ነው አልኳት። ውሸቴን ነው፣ እጄ ሞቃት ነበር። ከንፈሯን ስጠርግላት ፎጣው ጠቆረ፣ እሷ ግን አላየችም፣ «መረረኝ፣ ግን ጸበል መቼ ጣፍጦ ያውቃል» ብላ ዞራ ተኛች።

ጸበሉ ማለቁን አልነገርኳትም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጠርሙሱም ቀለሙም በቤቱ ውስጥ የለም፣ ሁሉንም ጥያለሁ። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ከፈት አደረገች፣ ጉሮሮዋ አንዴ ከፍ ዝቅ አለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ይህ በየቀኑ ሆነ፣ በየቀኑም ቀለለች፣ ፊቷ ወረቀት እየሆነ ሄደ፣ እኔ ግን እየዳንሽ ነው እላት ነበር፣ ሌላ ምን ልበላት?

ከማረፏ በፊት በነበረው ቀን፣ ሰዓቱ ሲደርስ የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

«ንገረው፣ ዛሬ አልጠጣም» አለችኝ።

በክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም፣ ዓይኗ ግን ያረፈው ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ነበር፣ እኔም ዞሬ አላየሁም፣ ማንን ብዬም አልጠየቅኋትም።