ከሌንሱ ይሁን ከእጁ

«ይህኛው ከበድ ይላል ጋሼ» አለ ባለሱቁ። ረጅሙን ሌንስ በሁለት እጁ አቅፎ አመጣና የመስታወት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ብርሃን ግን አይነፍግም። ገና ሳይነጋ አውሬ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ በዚህ ያነሱታል።»

የሚጣ አባት ጎንበስ ብሎ አየው እንጂ አልነካውም። ግራ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ሚጣ ኪሱን አየችው። ውስጡ ጫጩት የተደበቀ ይመስል ጨርቁ ይርገበገባል።

«ክብደት አያስፈራኝም» አለ አባቷ። «ዕድሜዬን ሙሉ ካሜራ ተሸክሜያለሁ።»

ባለሱቁ ሳቀ። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ለትምህርት ቤት መታወቂያ ፎቶ ያነሱኝ እርስዎ ነዎት። አገጭህን ቀና አድርግ እያሉ አንገቴን ሊነቅሉት ነበር።»

«ያኔ አንገት አልነበረህም። እኔ ነኝ ያወጣሁልህ።»

ሚጣም ሳቀች። አባቷ በሰፈሩ ፎቶ ቤት ካለው ቆይቷል። የሰው ፊት ሲያነሳ ይዋል እንጂ ልቡ ያለው አውሬና ወፍ ላይ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አውሬ የሚበዛበት ሰፊ ሜዳ ድረስ ይዟት ሊሄድ ቃል ገብቶላታል። እዚያ ድኩላውም አጋዘኑም ሰው አያስጠጋም። የቤታቸው ካሜራ ደግሞ አርጅቷል፤ ሌንሱም አጭር ነው። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ሊመርጡ መጡ።

በካሜራው ቶሎ ተስማሙ። አነስ ያለው፣ የሚሮጥ እንስሳ ዓይን ተከትሎ ፎከስ የሚያደርገው፣ አንዴ ሲጫኑት ተከታትሎ የሚያነሳው ይሻላል ተባለ። የቀረው ሌንሱ ነበር።

ባለሱቁ ሁለተኛውን አወጣ። «ይህም እንደዚያኛው ዙም ነው። ከሩቅ ጎትቶ ያመጣል። ብርሃን ላይ ትንሽ ይሰስታል፤ ግን ውስጡ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር አለው። በእጅ ይዘው ቢያነሱም ፏ ብሎ ይወጣል።»

«እኔ እጄ አይንቀጠቀጥም» አለ አባቷ።

«ኧረ እርስዎን አላልኩም ጋሼ። ለማንም ነው።»

«ለማንም ከሆነ ለማንም ሽጥለት። የመጀመሪያውን አምጣ።»

ሚጣ አንገቷን ደፋች። አባቷ እንዲህ እንዲናገር ያደረገችው እሷ ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከከተማው ዳር ወዳለው ረግረግ ይሄዳሉ። በአንዱ ካሜራ እየተቀባበሉ ያነሳሉ፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ። የአሮጌው ካሜራ የጀርባ ስክሪን ከሞተ ቆይቷል። ምን እንደተነሳ የሚታየው ቤት ተገብቶ ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ሲራገፍ ነው። ማራገፍ ደግሞ የሚጣ ሥራ ነው።

አንድ ቅዳሜ የሱ ፎቶዎች ሁሉ ብዥ ብለው አገኘቻቸው። ውሃው ከሸምበቆው፣ ሸምበቆው ከወፉ ተደበላልቋል። እሱ ከጓዳ «እንዴት ነው፣ ወጥቷል?» ሲል ተጣራ። የሷ ሽመላ ክንፏን ዘርግታ ጥርት ብላ ወጥታለች። ሚጣ የሱን አጠፋች፤ የሷን ከፈተችለት። አባቷ ሽመላዋን አይቶ በደስታ ልጅ ሆነ። «እንዴት ጥርት ብላለች!» አለ። «ይህቺን እንኳ እኔ ነኝ ያነሳኋት። ስትነሳ ጠብቄ ነው።»

ሚጣ አዎ አለች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አጣች።

ሐኪሙ ለእጁ ክኒን አዞለት ነበር። ያፈዘኛል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ሻይ ሲይዝ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳል፤ ካሜራ ስይዝ ግን ይቆማል ይላል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ትሪፖድ ላይ የታሰረ ነው፣ ፍላሹም አለ፤ እጁ አይታወቅበትም። እናቷ ስለ ክኒኑ ስትጨቀጭቀው ኮምፒውተሩን ይከፍትና ሽመላዋን ያሳያታል።

«የታመመ እጅ ይህን ያነሳል?» ይላታል።

እናቷ ጭቅጭቁን ትተዋለች። ሚጣም እውነቱን አትነግራቸውም።

ባለሱቁ ከባዱን ሌንስ ካሜራው ላይ ገጠመው። «በር ላይ ሆነው ይሞክሩት። ከፊት ለፊት ጣሪያው ላይ ርግቦች አሉ።»

አባቷ እጁን ከኪሱ አወጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ ክርኖቹን ጎኑ ላይ ለጥፎ ሌንሱን አነሳው። የሌንሱ ጫፍ አየር ላይ ትንሽ ክብ ይሠራ ጀመር። ካሜራው ተንጣጣ። አባቷ ስክሪኑን አየ። ደግሞ አነሳ። ደግሞ አየ።

«ሌንሱ ልክ አይደለም» አለ።

ባለሱቁ ተቀብሎ አየው። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጭስ እንጂ ርግብ የለም። መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ ሚጣን ተመለከተ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሊሆን ይችላል ጋሼ። መንገድ ላይ የወደቀ ሊሆን ይችላል። ያኛውን ብገጥምልዎትስ?»

«አንድ ሱቅ ሙሉ ዕቃ ይዘህ አንድ ደህና ሌንስ የለህም?» አባቷ ይህን ያለው እንደ ቀልድ ነው። ግን አልሳቀም። ካሜራውን ወደ ሚጣ ዘረጋ። «እንኪ፣ አንቺ ሞክሪው። ከሌንሱ ይሁን ከኔ እንወቅ።»

ሚጣ ተቀበለችው። ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል።

በሩ ላይ ቆመች። አባቷ ከኋላዋ ነው፤ ሲተነፍስ ይሰማታል። ነገሩ ቀላል ነበር። ክርኗን ትንሽ ብትለቅ ይበቃል። ርግቧ ብዥ ትላለች፤ ጥፋቱ የሌንሱ ይሆናል። አባቷ ባለሱቁን ትንሽ ተቆጥቶ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ነገ ሌላ ሱቅ። ቅዳሜ ረግረጉ፣ ቤት ሲገቡ ሽመላ፣ ዳክዬ። ክኒኑም መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል።

በሌንሱ ውስጥ አንዲት ርግብ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ አንገቷን አዙራ ታያት ነበር። ሚጣ ትከሻዋን የበሩ መቃን ላይ አስደገፈች። ትንፋሿን ያዘች። ተጫነችው።

ሳታየው ካሜራውን ለአባቷ ሰጠችው። እንደጠራ አውቃለች።

አባቷ መነጽሩን አደረገ። ስክሪኑን ወደ ፊቱ አስጠጋው። የርግቧ ዓይን ውስጥ ሰማዩ ሳይቀር ይታያል። ባለሱቁ መስታወቱን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ የጠራውን ቦታ ደጋግሞ ጠረገው።

«ሌንሱ ደህና ነው» አለ አባቷ።

ወደ ሚጣ ዞረ።

«ሽመላዋስ?»

«የኔ ናት አባዬ።»

«ዳክዬዎቹ?»

«የኔ ናቸው።»

«ከሸምበቆው ውስጥ ብቅ ያለው ድኩላስ? እሱን እንኳ እኔ… አንቺ እኮ ያን ጊዜ ውሃ እየጠጣሽ ነበር።»

«አንተ ካነሳህ በኋላ ተቀብዬህ አነሳሁት።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ሒሳብ እንደገባው ተማሪ። «የኔዎቹ የት አሉ?»

«አጠፋኋቸው።»

«ሁሉንም?»

«ብዥ ያሉ ነበሩ አባዬ። እንዳታዝን ብዬ ነው።»

አባቷ መነጽሩን አወለቀ። ለማጠፍ ሞከረና እምቢ አለው፤ እንደተዘረጋ ኪሱ ከተተው። «እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ብዥ ያለ ፎቶ አይቼ የማላውቅ መሰለሽ? ያን ሁሉ ማለዳ ምን ሳነሳ እንደነበር አሁን በምን ልወቅ?»

ሚጣ እስከዛሬ ያጠፋችው ብዥታ ይመስላት ነበር። እሱ ያያቸው ወፎችም አብረው እንደጠፉ ያወቀችው አሁን ነው። እሱ ፀሐይዋን ከጀርባቸው አድርጎ የጠበቃቸው፣ ክንፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የደረሰባቸው ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ማለዳ የሱ የሚባል ፎቶ የትም የለም።

አባቷ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው። «ምረጪ» አላት። «የምትይዢው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ወጣ። በሱቁ መስኮት መስታወት ውስጥ ጀርባው ይታያል። እጁን ኪሱ ውስጥ አልከተተውም። ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ለብቻው ይንቀጠቀጣል። አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ እሱ ጣሪያውን ያያል።

«አይዞሽ» አለ ባለሱቁ። «ላንቺ እንደሆነ ከሁለቱም የሚቀል አለኝ። አጠር ይላል፤ ግን አሪፍ ነው፣ አንገትሽ ላይ አይከብድም።»

ሚጣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ያ የሚያረጋጋው ትሪፖድ ላይ ይታሰራል?»

«ይታሰራል። ከሥሩ ማሰሪያ አለው።»

«ካሜራው ሳይነካ ከሩቅ የሚያነሳ ገመድስ? ፎቶ ቤት እንዳለው ዓይነት።»

ባለሱቁ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ። «ፈልጌ አላጣም» አለ። «ግን እኮ ይከብድሻል።»

«እሱ ይሁን።»

ሌንሱን ቀየረ። ገመዱን ከመሳቢያ አወጣ። ካሜራውን ወደ ሳጥኑ ሊከት ሲል አቆመና አውራ ጣቱን አንዱ ቁልፍ ላይ አሳረፈ። «የሙከራዎቹን ላጥፋቸውና ንጹህ ካርድ ልስጥሽ።»

«የኔን አጥፋው።»

«የሳቸውንስ?»

«አይነኩም።»

ባለሱቁ ጠየቅ ሊያደርጋት ፈልጎ ተወው። ርግቧን አጠፋት። ጭሶቹን ተዋቸው።

ሚጣ ካሜራውን ከሳጥኑ ውጭ አድርጋ፣ ሌላውን ዕቃ በክንዷ አቅፋ ወጣች። አባቷ አልዞረም። አጠገቡ ቆመች። ስክሪኑን አበራችና ዘረጋችለት። እሱ መነጽሩን መልሶ አደረገና በቀኝ እጁ ያዘው፤ እሷ ከሥር ደገፈችው። ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ፣ እንደገና እየተመለሰ ብዙ ቆየ።

«ብዥ ብሏል» አላት።

«አዎ አባዬ» አለች።