አሥራ ሰባተኛው አድራሻ

ቀዩ ባንዲራ ወረደ።

ተኩስ ቆመ። ተኳሾቹ መሣሪያቸውን ከፍተው ባዶነቱን አሳዩ፤ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ ዒላማቸውን ሊቀይሩ በታጨደው ማሳ በኩል እያወሩ ወጡ።

አንዲት ሴት ቀረች። አራት ደቂቃ አላት።

በዚህ ክለብ ማርሊስ ቦውዴን ትባላለች። የጥርስ ሐኪም ቤት ጸሐፊ፣ ባሏን የፈታች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ መምታት የምትወድ። በስውር በምትሠራለት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ «ጅግራ» ናት። በእውነተኛ ስሟ ከተጠራች ስምንት ወር ሆኗታል።

አምስተኛው ጠረጴዛ ሥር ባልዲ አለ። ባልዲው ውስጥ ቀለህ። ቀለሁ ውስጥ ፖስታ። የተነገራት ይኸው ነው።

እጇን ሰደደች። ከላይ ያለው ናስ ገና አልበረደም። ጣቷ ወረቀት ነካ።

«ማርሊስ!»

ዞር አለች።

ኦሬስት ሃውሪሉክ ነው። የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ የተኩስ ሜዳው ኃላፊ፣ የክለቡ ጸሐፊ። ክለቡ በሙሉ «ዲዶ» ይለዋል፤ ወላጆቹ ከዩክሬን ይዘውት በመጡት ቋንቋ አያት ማለት ነው። የተላከችው እሱን ልታስይዝ ነው።

«ባንዲራ ሲወርድ ጠረጴዛ አጠገብ ማን ነው የሚቆመው?»

«ማንም።»

«አንቺ ታዲያ ማን ነሽ?»

«ቀለህ እየለቀምኩ ነበር እኮ፣ ዲዶ...»

«ወርቅ ብትለቅሚም! ከፊት ሰው አለ!» የመገናኛ ሬዲዮ አቀበላት። «የዛሬው ተኩስሽ አበቃ። በሩ ላይ ሄደሽ ተቀመጪ። መኪና ባለፈ ቁጥር ንገሪኝ። ብርዱ ሕግ ያስተምርሻል።»

ዱዌይን የሚባል ግዙፍ ገበሬ ከሜዳው ሲመለስ ሰምቶ ሳቀ። «አይዞሽ፣ ሚስቱንም ሁለቴ በረኛ አድርጓታል!»

«ሦስቴ ነው» አለ ዲዶ ኮስተር ብሎ።

ፖስታው እጅጌዋ ውስጥ ገብቷል።

በሩ ላይ፣ ፒክአፕዋ ውስጥ ሆና ከፈተችው። መክፈት አልነበረባትም። ትእዛዙ «አንሥተሽ አምጪ» ነው የሚለው። ግን ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሰው ላይ አፍጥጦ የኖረ ሰው የሚከነክነው ነገር አያጣም። ባንዲራ ወርዶ ቀለህ የነካ ሰው የሚያባርር ሽማግሌ፣ እሱ ነው ሌባ?

በዚያ የካናዳ ሳስካችዋን ወረዳ በአራት ወር ሰባት ቤት ተዘርፏል። ሌቦቹ ቴሌቪዥን አይነኩም። በቀጥታ ወደ ብረት ሣጥኑ ነው። የቱ ቤት ውስጥ ምን መሣሪያ እንዳለ ያውቃሉ። ይህ የተጻፈው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተርና በዲዶ መዝገብ። «ጭልፊት» የሚባለው አለቃዋ ከመዝገቡ ነው የወጣው ብሏል። ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ይታሰራል። ክለቡ ይዘጋል። ማስረጃው ይህ ፖስታ ነው፤ ምስክሯ እሷ።

አርባ አንድ ስም። ከየስሙ ጎን አድራሻ። ከየአድራሻው ጎን የመሣሪያ ዓይነት።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ደረሰች።

ማርሊስ ቦውዴን። ሽጉጥ፣ አንድ። ስፕሩስ መንገድ፣ ቁጥር 212።

ደግማ አነበበችው።

ስፕሩስ መንገድ የገባችው ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው። ባለፈቃድ ቤት ሲቀይር በሠላሳ ቀን ውስጥ ለፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት፤ የማርሊስ ሽፋን ደግሞ ሕግ አክባሪነት ነው። ቅጹን ግን እሷ አልሞላችም። በስልክ ነገረችው፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስገባው ጭልፊት ራሱ ነው። ለክለቡ አልተናገረችም። ለሌላ ለማንም አልተናገረችም።

ስልኳ ጮኸ። ጭልፊት ነው።

«ጅግራ።»

«አቤት።»

«እንቁላሉስ?»

«ጎጆው ውስጥ ነበር። አንሥቻለሁ።»

«ከፈትሽው?»

ይህን ለምን ጠየቀ?

«ምን በወጣኝ!»

«ጎሽ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ አሮጌው ጠጠር ማውጫ። ብቻሽን ነይ።»

«ቢሮ ላምጣው እንጂ።»

«ቦታ የምመርጠው እኔ ነኝ።» ዘጋው።

እንግዲህ አንድ የቀራት ነገር መዝገቡን ማየት ነው።

ዲዶ በክለቡ ቆርቆሮ ቤት ምሳውን ይበላል። ከፊቱ ድንች የታጨቀበት ቅቅል ሊጥ፣ ፒሮሂ፣ በክሬም፤ ከጎኑ ጨርቅ ላይ አንድ አሮጌ ሽጉጥ። የሟች ሚስቱ የስቴፋ ነበር። ጎርሶ ያኝክና ጣቱን ጠርጎ ዘይት ይቀባዋል።

«በሩን ለማን ትተሽው መጣሽ?»

«በሰንሰለት አስሬዋለሁ። ዲዶ፣ መዝገቡን ልይ? አድራሻዬ...»

ቅንድቡ ተሰቀለ። «ቤት ቀይረሻል እንዴ?»

«አሥራ ሁለት ቀኔ ነው።»

«ለመሥሪያ ቤቱ አሳውቀሻል?»

«አዎ።»

«ለእኔስ? እኔ የጎረቤት ውሻ ነኝ?» ወፍራሙን መዝገብ እያጉረመረመ ገፋላት።

በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ማርሊስ ቦውዴን፤ ከብረታ ብረት ሱቁ በላይ፣ ፎቅ። የድሮው አድራሻዋ።

ዝርዝሩ ከዚህ አልወጣም።

ስምንት ወር ሙሉ የተሳሳተ ሰው ስትሰልል፣ ፒሮሂውን እየበላች፣ ቀልዱን ለጭልፊት ስትጽፍ ነው የኖረችው።

«ጠዋት እጅጌሽ ውስጥ ምን ከተትሽ?» አለ ዲዶ ቀና ሳይል።

እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ሌባ ነሽ ወይስ ፖሊስ?»

«የትኛውን ይጠላሉ?»

«እንደ ሰውየው ነው።» ሽጉጡን ወደ ብርሃን አዞረው። «ስቴፋ በዚህ የወረዳውን ዋንጫ በልታበታለች። ሽጉጥ ማስተላለፍ ከታገደ ወዲህ ለልጄ አላወርሰው፣ ላንቺ አልሸጠው። እኔ ስሞት ወደ ማቅለጫ ነው። ፈቃዴ እስካለ ድረስ ግን በየቅዳሜው እጇን የጨበጥኩ ያህል ነው።»

«ሕጉን አይጠሉትም?»

«እንዴት አልጠላው! ለሦስት የፓርላማ ሰው ጽፌያለሁ፣ አንዱም አልመለሰ። እየጠላሁትም እጠብቀዋለሁ። ይህ ካልገባሽ ተመለሺና በረኛ ሁኚ።»

ተነሣች። «ዲዶ፣ ሬዲዮዎን አያጥፉት። ዱዌይንንም ይጥሩትና አብራችሁ ስሙ። ስልኩ ላይ ይቅዳው።»

«ምንድን ነው የምንሰማው?»

«ወሬ አይደለም። ይመኑኝ።»

«እስቲ እናያለን» አለ። ማመኑንም አለማመኑንም አልተናገረም።

ጠጠር ማውጫው ከሜዳው አንድ ኪሎ ሜትር ነው። መኪናዋን ከማቆሟ በፊት የዒላማ ቀዳዳ በሚደፈንበት ተለጣፊ ወረቀት የሬዲዮውን መናገሪያ ቁልፍ ተጭና ለጠፈችው። ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው።

ጭልፊት መኪናው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጫማው ንጹሕ ነው።

«ፖስታው።»

ሰጠችው። «አሥራ ሰባተኛውን አንብብልኝ።»

«አልከፈትኩም አላልሽም?»

«ዋሸሁ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

አነበበ። ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ጠፋ።

«ስፕሩስ መንገድን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች። «አንዷ እኔ ነኝ።»

«ወይ ጉድ» አለ ቀስ ብሎ። «ያንን ቅጽ ለአንድ ሳምንት ባዘገየው ኖሮ!»

«ሰባቱን ቤት የሸጥከው አንተ ነህ።»

«ሸጥኩ። ምርመራው ወደ እኔ ሲጠጋ ደግሞ ሰው አስፈለገኝ። ሽማግሌ፣ ግትር፣ መንግሥትን በደብዳቤ የሚዘልፍ። ማን ያዝንለታል? ባልዲው ውስጥ ያስገባሁት ራሴ ነኝ፣ ትናንት። ሰኞ ትመሰክሪያለሽ፣ ሹመትሽን ትወስጃለሽ፣ ሆድ ይፍጀው።»

«እምቢ ብልስ?»

ሽጉጥ ወጣ።

«እምቢ ካልሽ ፖስታው ካንቺ ሬሳ ላይ ይገኛል። ዝርዝር ስትሸጪ የተያዝሽ ከዳተኛ ነሽ። ያንቺ ሽጉጥ የት አለ?»

«መኪና ውስጥ።»

«አውቃለሁ። ጥይት የለው፣ ቃታው ተቆልፎ፣ ሣጥኑም ተቆልፎ። ሕጉ እንደሚለው!» ሳቀ።

አንድ እርምጃ ቀረበ።

ሌላ እርምጃ።

የሞተር ድምፅ ተሰማ። አንድ ፒክአፕ። አራት። አሥራ አራት። የጉድጓዱን አፍ ዘጉት። በሮች ተከፈቱ፤ ሰዎች ወረዱ፤ ሁሉም ባዶ መዳፋቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል።

ጠመንጃ የያዘ አንድም የለም።

«መሣሪያችን ክለብ ተቆልፏል» አለ ዲዶ ከፊት ሆኖ እያለከለከ። «ወደዚህ ለማምጣት ፈቃድ የለንማ! ወሬህን ግን እስከ መጨረሻው ሰምተናል።»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ!» ዱዌይን ስልኩን ከፍ አደረገ። «እዚህ ተቀድቷል። ፖሊስም መንገድ ላይ ነው።»

«ተመለሱ! የመንግሥት ሥራ እያደናቀፋችሁ ነው!»

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለ ዲዶ።

አፈሙዙ ወደ ሽማግሌው ደረት ዞረ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ዲዶ በየቅዳሜው ሜዳውን ጸጥ በሚያሰኝበት ድምፁ ጮኸ። «ተኩስ አቁም! መሣሪያ ክፈት! ጥይት አውጣ! አስቀምጥ! ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ!»

ጭልፊት ፊቶቹን አንድ በአንድ አየ። ይህን ሁሉ ምስክር መግደል አይችልም። ጥይቱን አውጥቶ ሽጉጡን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠ፤ እንደታዘዘው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ፖሊስ ወሰደው። አንዲት የፖሊስ መርማሪ ጅግራን ወደ ጎን ጠራቻት። «ድምፁን ጠበቃው ሊከራከርበት ይችላል። ዝርዝሩ ከክለቡ አለመውጣቱን የሚያሳየው ያ መዝገብ ነው። ሙሉውን፣ እንዳለ አምጪልኝ።»

ከዲዶ ጋር ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ተመለሱ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀዘቀዘው ፒሮሂ ጎን፣ የስቴፋ ሽጉጥ ተጋድሟል። አልተቆለፈም።

ዲዶ ደፉ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። የሁሉንም መሣሪያ አስቆልፎ፣ እየዞረ አረጋግጦ፣ የራሱን ረስቶ ነው የሮጠው።

«ማንም አላየም» አለች ቶሎ ብላ።

ተቀመጠ። መዝገቡን ገለጠ። መነጽሩን አደረገና ቀኑን ጻፈ፤ ከሥሩም፦ ኃላፊው ኦሬስት ሃውሪሉክ ሽጉጥ ሳይቆልፍና በር ሳይዘጋ ወጥቷል። ሃምሳ ደቂቃ። ፈረመበት።

«ምን እያደረጉ ነው? ይህ መዝገብ እኮ ዛሬ ለመንግሥት ይሰጣል! ፈቃድዎን ነው የሚወስዱት! ሽጉጡንም! ገጹን ይቅደዱት፣ እለምንዎታለሁ።»

«ሃምሳ ዓመት አንድ ገጽ አልቀደድኩም።» እስክሪብቶውን ከደነ። «ደግሞስ ገጽ የጎደለውን መዝገብ ማን ያምናል? ያን ጊዜ ያንቺም አድራሻ ምስክር አይሆንም።»

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑን ስታውቅ እንባዋ መጣ። ስምንት ወር ሙሉ አላለቀሰችም ነበር።

«ለመሆኑ ስምሽ ማን ነው?» አለ።

አፏን ከፈተች።

«ተዪው፣ አትንገሪኝ» አለ ቀድሟት። «መዝገቡ ማርሊስ ነው የሚለው።»

መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። ከዚያ ሽጉጡን ቆልፎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተ፤ እጁን ክዳኑ ላይ ትንሽ አቆየ።

ጭልፊት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ የተዘረፈ ቤት የለም። ክለቡም አልተዘጋም፤ ባንዲራውን አሁን የሚያወርደው ዱዌይን ነው። የኦሬስት ሃውሪሉክ ፈቃድ በየካቲት ተሰረዘ፣ ሽጉጡ በመጋቢት ቀለጠ። ጅግራ ይህን ያነበበችው ፋይሉ ጀርባ ላይ፣ በሁለት መስመር ነው።

በሰኔ ሌላ ስም ይዛ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ስትሄድ በዚያ በኩል አለፈች። ቅዳሜ ነበር። ቀዩ ባንዲራ ተሰቅሎ ተኩሱ ይንጣጣል።

በሩ ላይ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ይዞ ተቀምጧል። ሕግ የጣሰ ሰው ቦታው እዚያ ነው።

ቀና ብሎ መኪናዋን አየ። መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ማን እንዳለ ሊያይ አይችልም። ቢሆንም ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠግቶ እንደ ማንኛውም በረኛ ሪፖርቱን አደረገ። የተናገረው አልተሰማትም፤ ከንፈሩ ግን ከሦስት ቃል በላይ አላለም።

አንድ መኪና። አለፈ።

ፍጥነቷን ሳትቀንስ ነዳች።