ሥሩን ቁረጪው ያለኝ ድምፅ

እኔን ብታውቁኝ ኖሮ ይህን ስናገር መጀመሪያ የምትስቁት እናንተ ነበራችሁ፣ ምክንያቱም ደሴ ሳለን ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ማውራት ሲጀምሩ ተነስቼ ዕቃ ለማጠብ የምገባው እኔ ነበርኩ፣ ፈርቼ አይደለም፣ ሰልችቶኝ ነው፣ እመኑኝ። አሁን ደግሞ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ባዮሎጂ እወስዳለሁ፣ አንድ ነገር ሲገርመኝ ቶሎ ብዬ የምፈልገው ምክንያቱን ነው። የዚያን ዓርብ ግን ምክንያቱን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም፣ እስከ ዛሬም እየፈለግኩት ነው፣ ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደሆነው ልንገራችሁ።

እትዬ ጽጌ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጃቸው ከናቲ ጋር ይኖራሉ፣ እኔ ከወንድሜ ጋር በባቡር ርቀት ላይ አሌክሳንድሪያ ነኝ። እዚህ አገር ስገባ ኤርፖርት ቆመው የጠበቁኝ፣ የብርዱን ጃኬት ከገዛ ትከሻቸው አውልቀው ያለበሱኝ፣ ኮሌጅ ልመዘገብ ስሄድ «እንግሊዝኛ ባላውቅም ግርማ ሞገስ እሆንሻለሁ» ብለው አብረውኝ የተሰለፉት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት ካንሰር ተገኘባቸውና ኪሞ ጀመሩ፣ ሕመሙን ቻሉት፣ ያልቻሉት ምግቡን ነበር። ሳህን ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ ሰውነታቸው በየሳምንቱ እያነሰ ሄደ፣ በመጨረሻ ዶክተራቸው ለምን ካናቢስ አይሞክሩም አሏቸው።

«ሀሺሽ? እኔ ጽጌ? በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ እትዬ።

«ማም፣ ኢትስ ሜዲስን» አለ ናቲ።

«ሜዲስን ከሆነ ለምን ሳቅህ?»

መጀመሪያ ከሱቅ የተገዛውን ከረሜላ ሞከሩት፣ ራሳቸውን አዞራቸው፣ ሁለተኛ አላየውም አሉ። ናቲ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቤት ሁለት ተክል ማሳደግ እንደሚፈቀድለት አንብቦ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ ከቤቱ ሥር ባለው ክፍል፣ መብራትና ማራገቢያ ያለው ጥቁር ድንኳን ተከለ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ከእጁ ወጣ፣ ምክንያቱም እትዬ አገር ቤት ጤና አዳምና ጌሾ ሲያሳድጉ የኖሩ ሴት ናቸው፣ ተክል እያዩ ዝም ብለው መቀመጥ አይችሉም። የመጀመሪያው ሲደርስ አድርቀው በቅቤ አነጠሩትና ጠብታውን አጥሚት ላይ ጣል አድርገው ጠጡ፣ የዚያን ቀን ከብዙ ጊዜ በኋላ «ሌላ የሚበላ የለም?» ብለው ጠየቁ። ናቲ ወጥ ቤት ገብቶ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፣ አለርጂ ነው አለኝ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ሁለቱ አዳዲስ ተክሎች ለእኛ ምን እንደነበሩ እንዲገባችሁ ነው። የመጀመሪያው ቅቤ ብልቃጡ ውስጥ ወደ ታች ወርዷል፣ ኪሞው ገና አላለቀም፣ እነዚህ ሁለቱ ከሞቱ ሌላ ዘርቶ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፣ እትዬ ደግሞ ሳይበሉ ወራት የሚቆይ ሥጋ አልነበራቸውም። ቀጠሯችን እንዲህ ነበር፣ ዓርብ ጠዋት ኪሞ ወስደው ከሰዓት ይመለሳሉ፣ እኔ ከክላስ ወጥቼ በሜትሮ እመጣለሁ፣ እሳቸው ቤዝመንት ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዘዙኝ ተክሎቹን ከትንንሾቹ የፕላስቲክ ፖቶች ወደ ትልልቆቹ የጨርቅ ፖቶች አዛውራለሁ። «እኔ አፍ፣ አንቺ እጅ» ብለው ነበር።

ስደርስ ቤት ማንም አልነበረም። የበሩን ኮድ አውቀዋለሁ፣ ገባሁ፣ ናቲ ጠዋት ወለሉን አጥቦ ወንበሮቹን በሙሉ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ሰቅሏቸዋል። ጃኬቴን ስልኬ ኪሱ ውስጥ እንዳለ በሩ አጠገብ አንጠለጠልኩና ወረድኩ፣ ቤዝመንቱ ስልክ አይስብም፣ እና ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲመጡ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ እንዲያገኙት ፈልጌ ነበር። ጋዜጣ ዘረጋሁ፣ አፈሩን ከሚያላላው ነጭ ጠጠር፣ ከፐርላይቱ ጋር አሸሁት፣ ትልልቆቹን ፖቶች እስከ ግማሽ ሞላሁ፣ አንድ ባዶ ትንሽ ፖት መሃሉ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን አፈር በማልበስ የሚገቡበትን ጉድጓድ አበጀሁ፣ ይህን ከቪዲዮ ነው ያየሁት፣ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

አፈሩን ስጠቀጥቅ ላይ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ቀስ ያለ ነበር። ከዚያ ነጠላ ጫማ ወለሉን እየጠረገ ሲሄድ ሰማሁ፣ እትዬ ከኪሞው በኋላ እግራቸው ስለሚደነዝዝ እንዲያ እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። «መጡ እትዬ?» አልኩ። መልስ የለም፣ ደክሟቸው ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት፣ ልክ ከራሴ በላይ። ቤቱ የድሮ ነው፣ ሳሎኑ ወለል ላይ ሙቀት የሚወጣበት በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ቀዳዳ አለ፣ ከታች ሆናችሁ ቀና ብትሉ የሳሎኑ ብርሃን በእሱ በኩል ይታያል።

«ትጊ!»

«አቤት እትዬ!» አልኩ ወዲያው፣ ትዕግሥት ነው ስሜ፣ ቤት ውስጥ ትጊ ነኝ። «እንዳይወርዱ፣ ደረጃው ያደክምዎታል፣ እዚያው ሆነው ይዘዙኝ።»

«ጀምሪ።»

ጀመርኩ። አንደኛዋ ተክል ቀላል ነበረች፣ ፖቱን ዙሪያውን ጫን ጫን አደረግኩ፣ ግንዷን በሁለት ጣቶቼ መሃል አሳልፌ ገለበጥኳት፣ ሥሯ ነጭ፣ ንጹሕ፣ እንደ ተጠቀለለ ክር ሆኖ ወጣ፣ አዲሱ ቤቷ ውስጥ አስገባኋትና አፈር አለበስኳት። ሁለተኛዋን ስገለብጥ ግን ሽታው ቀድሞ መጣ፣ የተክሉን ሽታ ማለቴ አይደለም፣ እሱን ለምጄዋለሁ፣ ይሄ የረግረግ ሽታ ነው። የሥሯ የታችኛው ክፍል ቡናማ ሆኖ ጠቁሯል፣ ስነካው ያሟልጫል። ቪዲዮው ሥሩን በፍጹም አትንኩ ነበር ያለው። ከነአፈሯ በእጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፣ የእትዬን ምግብ ይዤ የቆምኩ ነው የመሰለኝ።

«እትዬ፣ የሁለተኛዋ ሥር በስብሷል፣ ምን ላድርግ?»

የማሞቂያው ማራገቢያ በዚያው ቅጽበት ቆመ፣ ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ።

«ቁረጪው።»

«ምን አሉኝ?»

«የጠቆረውን ቁረጪው። መጀመሪያ መቀሱን በአልኮል ጥረጊ።»

እውነት እላችኋለሁ፣ ያኔ ያስገረመኝ ቃሉ ሳይሆን ድምፁ ነበር። ኪሞ ከጀመሩ ወዲህ እትዬ ጉሮሯቸው ተዘግቶ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት፣ ይሄ ግን ሙሉ፣ ጥርት ያለ፣ ኤርፖርት ላይ ስሜን የጠራው የያኔው ድምፃቸው ነው። ደስ ብሎኝ «ዛሬማ በርትተዋል!» አልኩ። እትዬ እንዲህ ሲባሉ ሳይመልሱ አይቀሩም፣ «አንቺ ምላሳም፣ ሥራሽን ሥሪ» ወይም አንድ ነገር ይላሉ፣ ይስቃሉ። ምንም አልመጣም። ቀና አልኩ። የፍርግርጉ ብርሃን በከፊል ተጋርዷል፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እንደሚያይ ሁሉ። እያየሁት ብርሃኑ ተመለሰ።

መቀሱን ጠረግኩና ቆረጥኩ። እየቆረጥኩ «ይበቃል እትዬ?» እላለሁ፣ «ጨምሪ» ይሉኛል፣ እንደገና እቆርጣለሁ፣ ነጩ ሥር ላይ ስደርስ «ይበቃል» አሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ላይ የተቀመጠ ሰው ነጩ ላይ መድረሴን በምን አየ? ያኔ ግን አልጠየቅኩም፣ ታዛዥ ልጅ ነኝ፣ የተባልኩትን ነው የማደርገው። «በደረቅ አፈር ትከያት። ዛሬ ውሃ አትስጫት።» እሱንም አደረግኩ።

«ጨረስኩ!» ብዬ ጮህኩ። እጄን ታጥቤ ጋዜጣውን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሳሎኑ ባዶ ነበር። አንድ ወንበር ብቻ ከጠረጴዛው ላይ ወርዶ ፍርግርጉ አጠገብ ተቀምጧል፣ የቀሩት እንደተገለበጡ ናቸው። መኝታ ቤታቸውን አንኳኳሁ፣ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። በሩ ጋ ሄድኩ፣ ነጠላ ጫማቸው ጎን ለጎን ተደርድሮ ተቀምጧል። በመስኮት አየሁ፣ መኪናው የለም። ስልኬን ሳወጣ ናቲ ደጋግሞ ደውሏል።

«ዌር ሃቭ ዩ ቢን?» አለኝ። «ሆስፒታል ነን፣ ደሟ ሎው ሆኗል ብለው አድሚት አደረጓት፣ ቱናይት አንመጣም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ! ሆልድ ኦን፣ ልታናግርሽ ነው።»

እትዬ ስልኩን ተቀበሉት፣ ያው የተዘጋው ድምፅ። «ትጊዬ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳትጀምሪ፣ ሁለተኛዋ ፊቷ አላማረኝም።»

«እትዬ... ጨረስኩ እኮ።»

«ማን አዞሽ?»

መዋሸት እችል ነበር፣ በሽተኛ ናቸው፣ ሆስፒታል ናቸው፣ ግን አልሆነልኝም፣ በሩን፣ ኮቴውን፣ ወንበሩን፣ ድምፁን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስምሽን ሲጠራሽ፣ ስንተኛው ላይ ነው አቤት ያልሽው?»

«በመጀመሪያው።»

«እሺ የኔ ልጅ። በሩን ዝጊና ወደ ቤትሽ ሂጂ። መብራቱን አታጥፊው።»

እናቴ ጋ ደሴ ደውዬ ስጠይቃት ነው የገባኝ፣ የማይታይ ሰው ሲጠራ ሦስተኛው ላይ ካልሆነ አቤት አይባልም ይባላል፣ መጀመሪያ ላይ የመለሰ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል ይባላል። እኔ አላምንም። ግን ለምን በመጀመሪያው አቤት አልኩ ብዬ ስንት ቀን እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ።

ናቲ በበኩሉ ነገሩን ዘጋው። «የጎረቤት ቲቪ ነው፣ ፎር ሹር» አለኝ።

«ጎረቤታችሁ ከኤል ሳልቫዶር ነው ናቲ። ቲቪው ትጊ ብሎ ይጠራል?»

«ወንበሩን እኔ አውርጄው ይሆናል። አይ ዶንት ኖው! ስቶፕ ኢት፣ እዚህ ቤት የማድረው እኔ ነኝ።»

ከድምፁ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ተክሏ ነበረች፣ እመኑኝ። ናቲ በየቀኑ ፎቶ ይልክልኝ ነበር፣ ቅጠሏ ሁሉ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ የእትዬን መድኃኒት በገዛ እጄ ገደልኩት ብዬ ክላስ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሚነገረኝ አይገባኝም ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት አዲስ ፎቶ መጣ፣ ቅጠሎቿ ቀና ብለዋል፣ ጫፏ ላይ አዲስ አረንጓዴ ብቅ ብሏል። ባቡር ውስጥ ነበርኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አር ዩ ኦኬ አለችኝ፣ እያለቀስኩ ኖሯል።

እትዬ ከሆስፒታል ሲወጡ አብሬያቸው ወረድኩ፣ ደረጃውን በየመሃሉ እያረፍን። ተክሏን ዞረው ዞረው አዩና «ሥር ቁረጪ አለሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እርስዎ... ማለቴ፣ አዎ።»

«እኔ በሕይወቴ ሥር ቆርጬ አላውቅም። እዚህ ብኖር ኖሮ አትንኪው ነበር የምልሽ። ትሞት ነበር ማለት ነው።» ቅጠሏን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ፍርግርጉ ቀና ብለው «እግዜር ይስጥልን» አሉ፣ ለሰው እንደሚባለው ነው ያሉት።

እኔም ብያለሁ። ማንም ይሁን ማን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ያቺ ተክል ደረሰች፣ ተነጠረች፣ እትዬ በልተዋል፣ ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ናቲን «ወፍረሃል፣ የእኔን ድርሻ ነው የበላኸው» ብለው መስደብ ጀምረዋል። ኪሞው አልቋል። ሌሊት ሌሊት ፍርሃት ሲመጣብኝ ይህን አስባለሁና ከፍርሃቱ ምስጋናው ይበልጥብኛል፣ ብዙውን ጊዜ።

ያለፈው ዓርብ ሄጄ ነበር። ኪሞው ሠርቶ እንደሆነ የሚያሳየው የስካን ውጤት ሰኞ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው የሄድኩት። ኮዱን ነክቼ ስገባ ሳሎን ውስጥ አንዲት ወንበር ፍርግርጉ አጠገብ ስበው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ወለሉ አዘንብለው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ዝቅ ብሎ ያወራል።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ዝም በይ በሚል እጃቸውን አነሱ። ከዚያ ግን ሳያዩኝ መለሱልኝ።

«የተክሏን ከውስጥ የበሰበሰውን ያወቀ፣ የእኔንም የሚያውቅ ከሆነ ብዬ ነው። ሰኞን ከምጠብቅ።»

ለማለት የፈለግኩት ብዙ ነበር፣ ባዮሎጂ የምትማር ልጅ ማለት የሚገባትን ሁሉ። ሄጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁትና አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።